ስንት ሠራ ወይስ ምን አየ? የጨጓራና አንጀት ሐኪም ሥልጠና የሚለካበት ሚዛን

የጨጓራና አንጀት ሐኪም የትምህርትና የሥራ ማስረጃ ሲነበብ ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው ቁጥር ነው። ይህን ያህል ጋስትሮስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ ጨጓራን ማየት)፣ ይህን ያህል ኮሎኖስኮፒ (በተመሳሳይ ቱቦ ትልቁን አንጀት ማየት)፣ ይህን ያህል ዓመት ሥልጠና። ቁጥሩ ጠርቀም ካለ አንባቢው ልቡ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ግን ይህን ዕረፍት የሚነሳ ነው። ጥናቱ 136 የሙያው ስፔሻሊስቶች የሠሯቸውን 314,872 ኮሎኖስኮፒዎች ተከታተለ። ከዚያም እያንዳንዱ ሐኪም ከመረመራቸው ሰዎች በስንቱ ላይ አዴኖማ እንዳገኘ አሰላ። አዴኖማ በትልቁ አንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅልና ከጊዜ በኋላ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል እባጭ ነው። ዝቅተኛው ሐኪም 7.4 በመቶ፣ ከፍተኛው 52.5 በመቶ ሆነው ተገኙ። ሁሉም ስፔሻሊስቶች ናቸው፤ ሁሉም ሥልጠናቸውን ጨርሰው በሥራው ላይ የቆዩ ናቸው። ልዩነታቸው ሰባት እጥፍ ነው።

ይህ ልዩነት ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በዚያው ጥናት የአንድ ሐኪም የአዴኖማ ግኝት ምጣኔ በአንድ በመቶ ከፍ ባለ ቁጥር፣ “ንጹሕ ነህ” ተብሎ የተሸኘ ታካሚ ቀጣዩ ምርመራ ሳይደርስ በካንሰር የመያዝ ዕድሉ በሦስት በመቶ ዝቅ ይል ነበር። ስለዚህ የአንድ ሐኪም ሥልጠና ምን ዓይነት እንደነበር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከቁጥሩ ጀርባ መመልከት አለበት። ጉዳዩ ዛሬ ደግሞ ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል፤ እባጭን በስክሪን ላይ በቀለም አጥር አጥሮ የሚያሳይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ መሥሪያ ክፍሉ ገብቷልና።

መንገዱ ረጅም መሆኑን ማንም አይክድም። መጀመሪያ አጠቃላይ የሕክምና ትምህርት፣ ቀጥሎ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ፣ ከዚያ በላዩ ላይ ፌሎሺፕ የሚባለው የንዑስ ስፔሻሊቲ ሥልጠና አለ። በአሜሪካ የውስጥ ደዌው ሦስት ዓመት፣ ፌሎሺፑም ሌላ ሦስት ዓመት ይወስዳል። በሐሞትና በቆሽት ቱቦዎች ላይ የሚሠራውን ከባዱን የኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ የሚደረግ ምርመራ) ዘርፍ የሚፈልግ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ይጨምራል። የአገሮቹ አቆጣጠር ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን በብዙ ቦታ ተመሳሳይ ነው።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ ሙያ “ቱቦ ማስገባት” ይመስላል። የሥራው ትልቅ ክፍል ያለው ግን ቱቦው በሌለበት ቦታ ነው። ሆዱ ውሃ የያዘ ታካሚ ሲመጣ ውሃውን በመርፌ ቀድቶ መላክ፣ የነጭ ደም ሴሎቹን ማስቆጠር፣ ኒውትሮፊል የሚባሉት በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር 250 ከደረሱ ላቦራቶሪው ተሕዋሲያኑን እስኪያበቅል ሳይጠብቁ ፀረ ባክቴሪያ መጀመር፣ ይህ ሁሉ የዚህ ሐኪም ሥራ ነው። በደም ሴረም ውስጥ ካለው አልቡሚን ከሚባለው ፕሮቲን የሆድ ውሃው አልቡሚን ተቀንሶ ልዩነቱ በዴሲሊትር 1.1 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የውሃው ምንጭ ወደ ጉበት በሚገባው ፖርታል የደም ሥር ውስጥ የጨመረ ግፊት እንደሆነ ይገመታል። ብግነት አንጀት (ሥር የሰደደ የአንጀት መቆጣት) ላለበት ሰው በሽታ የመከላከል አቅምን የሚገታ መድኃኒት ከማዘዝ በፊት የተደበቀ ሳንባ ነቀርሳና ሄፓታይተስ ቢ መመርመር አለበት። ይህን የዘለለ ሐኪም አንጀቱን እያከመ የተኛውን የጉበት ቫይረስ ሊቀሰቅስ ይችላል። ሠልጣኙ የሠራውን የሚጽፍበት የሎግቡክ ገጽ ግን ለእንዲህ ያለው ውሳኔ ቦታ የለውም። የሚመዘገበው ቱቦ የገባበት ነው።

ቱቦውም ቢሆን የራሱ ጥበብ ያለው ነው። የኮሎኖስኮፕ ውፍረት ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ ከ130 እስከ 170 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የግራ እጅ መቆጣጠሪያውን ይይዛል፤ አውራ ጣት ጫፉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያጥፈውን ትልቁን ጎማ ያዞራል፤ ሌሎቹ ጣቶች መምጠጫውን እንዲሁም የአየርና የውሃ ቁልፉን ይጫናሉ። ቀኝ እጅ ቱቦውን ከፊንጢጣ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ይይዝና ይገፋል፣ ይስባል፣ ይጠመዝዛል። ጀማሪ በጣም የሚደገፈው በጎማዎቹና በመግፋት ላይ ነው። እጁ የተፍታታ ሐኪም ግን ግማሹን ሥራ የሚሠራው በቀኝ እጁ ጥምዝ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሲግሞይድ በሚባለው ግራው የአንጀት ክፍል ነው። ይህ ክፍል ከጀርባ ግድግዳ ጋር ያልተጣበቀ፣ በነፃነት የሚወዛወዝ ነው። ቱቦው ሲገፋ አንጀቱ አብሮ ይለጠጥና ቀለበት ይሠራል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ እጅ አሥር ሴንቲ ሜትር ሲገፋ በስክሪኑ ላይ ያለው ምስል አይንቀሳቀስም፣ አንዳንዴም ጭራሽ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሠልጣኝ በዚህ ጊዜ በደመ ነፍስ የሚያደርገው ጨምሮ መግፋት ነው። ቀለበቱ ይሰፋል፣ የአንጀቱ ማሰሪያ ይወጠራል፣ ታካሚውን ያመዋል፣ የልብ ምቱም ሊቀንስ ይችላል። ትክክለኛው መልስ የእጅን ደመ ነፍስ የሚቃረን ነው። ቱቦውን ብዙውን ጊዜ ወደ ቀኝ እየጠመዘዙ ወደ ኋላ መሳብ ያስፈልጋል። ቀለበቱ ሲፈታ እጅ ወደ ኋላ እየሳበ ሳለ ምስሉ ወደ ፊት ይሄዳል። ያን ጊዜ እጅና ምስል አንድ ለአንድ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ።

ቀለበቱ መፈታቱን የሚመሰክር ሌላ ነገር በቱቦው ላይ የተጻፈው የሴንቲ ሜትር ምልክት ነው። ቀጥ ባለ ቱቦ በጣፊያ በኩል ያለው የአንጀት መታጠፊያ 50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል፤ የትልቁ አንጀት መነሻ የሆነው ሴከም ደግሞ ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ላይ። ሠልጣኙ “ጣፊያው ጋ ደርሻለሁ” ሲል ቱቦው 80 ካሳየ ሠላሳው ሴንቲ ሜትር ቀለበት ነው። አሠልጣኙ ማየት ያለበት ስክሪኑን ብቻ ሳይሆን ይህን ቁጥርና የሠልጣኙን ቀኝ እጅ ጭምር ነው። ብዙ አሠልጣኞች ይህን ይረሱታል።

መንገዱ ሲጠብብ የሚደረገውም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ቀለበቱን መፍታት፣ ከዚያ ትርፍ አየር መምጠጥ፣ ከዚያ ታካሚውን ከግራ ጎኑ ወደ ጀርባው ወይም ወደ ቀኝ ጎኑ ማገላበጥ፣ ከዚያ ረዳቱ ሆድ ላይ በእጅ እንዲደግፍ መጠየቅ ነው። ቀለበቱ ሳይፈታ ሆድ መጫን የነርሷን ጉልበት ማባከን ብቻ ነው። እዚህ ላይ የጠለቀ ማደንዘዣ ሁለት ገጽታ አለው። ለታካሚው ምቾት ነው፤ ለሠልጣኙ ግን ሕመም የሚባለውን ማስጠንቀቂያ ይወስድበታል። ሁልጊዜ በተኛ ሰው ላይ ብቻ የተማረ እጅ ኃይል እንደበዛበት የሚነግረው የለም።

ሴከም መድረስም በግምት አይሆንም። የትርፍ አንጀት ቀዳዳና ትንሹ አንጀት ወደ ትልቁ የሚገባበት ቫልቭ ታይተው ፎቶ መነሳት አለባቸው። በጉበት በኩል ያለውን መታጠፊያ ሴከም ነው ብሎ መመለስ የታወቀ የጀማሪ ስህተት ነው፤ ያን ጊዜ ቀኙ የአንጀት ክፍል በሙሉ ሳይታይ ይቀራል። በዚያ ክፍል የሚበቅሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋና ለማየት የሚያስቸግሩ ናቸው።

ይህን ሁሉ ለመማር ስንት ጊዜ መሥራት ያስፈልጋል? በአሜሪካ የኢንዶስኮፒ ማኅበር መመሪያዎች ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው ቁጥር 140 ኮሎኖስኮፒ ነበር። የቁጥሩ ትርጉም “ከዚህ በታች የሠራን ሰው ብቃት መመዘን አይቻልም” የሚል ነበር። በተግባር ግን የመመዘኛው መጀመሪያ መሆኑ ቀርቶ የመጨረሻው መስመር ተደርጎ ተነበበ። በኋላ አሠልጣኞች የሠልጣኞችን ሥራ እያንዳንዱን እርምጃ በነጥብ ቅጽ እየመዘኑ ሲከታተሉ፣ አማካዩ ሠልጣኝ ለብቻው ለመሥራት የሚበቃው ወደ 275 ሲጠጋ እንደሆነ ታየ። ይህም አማካይ ነው። ቀድመው የሚደርሱ አሉ፣ ዘግይተውም የሚደርሱ አሉ። ለሁለቱም ያው ቁጥር ሲሰጥ አንደኛው ያለጥቅም ይጠብቃል፣ ሌላው ሳይበስል ይወጣል።

ደግሞ እነዚያ ቁጥሮች በአብዛኛው የሚለኩት መድረስን ነው። ምርመራው የሚካሄደው ግን ሲመለሱ ነው። ቱቦው እስከ ሴከም የሚገባው መንገድ ለመክፈት ነው፤ ግድግዳው በጥንቃቄ የሚታየው ቀስ እየተባለ ሲወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመና 12 ሐኪሞችን የተከታተለ ጥናት፣ በአማካይ ስድስት ደቂቃና ከዚያ በላይ ወስደው የሚወጡት ከመረመሯቸው 28.3 በመቶ ላይ እባጭ ሲያገኙ፣ ከዚያ ያነሰ የሚወስዱት 11.8 በመቶ ላይ ብቻ እንዳገኙ አሳየ። ስድስቱ ደቂቃ ከዚያ ወዲህ መስፈርት ሆኖ ቆይቶ በ2024 በአሜሪካ ወደ ስምንት አድጓል፤ የሚጠበቀው የአዴኖማ ግኝት ምጣኔም ከ25 ወደ 35 በመቶ ከፍ ብሏል።

ሰዓት ብቻውን ግን ዓይን አይሆንም። ስምንት ደቂቃ አንድ ቦታ ቆሞ የሚያሳልፍም ሰው አለ። የሚሠለጥነው ነገር ከእያንዳንዱ እጥፋት ጀርባ ጫፉን አጥፎ ማየት፣ የተጠራቀመውን ፈሳሽ አጥቦ መምጠጥ፣ የተኮማተረውን አንጀት በበቂ አየር ነፍቶ መጠበቅ፣ ቀኙን ክፍል ሁለት ጊዜ ማየት ነው። የአንጀቱ ንጽሕናም በቁጥር ይጻፋል። በቦስተን መለኪያ ሦስቱ የአንጀት ክፍሎች እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ አንዱም ከ2 በታች ከሆነ ምርመራው በቂ አይባልም። ነጥቡ የሚሰጠው ታጥቦና ተመጥጦ ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ ሰነፍ እጥበት ራሱ በውጤቱ ውስጥ ይነበባል።

ያዩትን ማውጣት ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚደርስ እባጭ ስኔር በሚባለው የሽቦ ማነቂያ ያለ ኤሌክትሪክ ይቆረጣል፤ ሲቆረጥ ዙሪያውን አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ጤናማ የአንጀት ሽፋን አብሮ መያዝ አለበት። ሠልጣኝ ደም ፈርቶ ማነቂያውን ያጠብባል፣ ጠርዙ ይቀራል፣ እባጩ ተመልሶ ይበቅላል። ይህ ደግሞ የጀማሪ ብቻ ችግር አይደለም። ከ5 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሆኑ እባጮች ከወጡ በኋላ ጠርዛቸው በናሙና የታየበት እ.ኤ.አ. የ2013 ጥናት ከአሥሩ አንዱ ሙሉ በሙሉ እንዳልወጣ አግኝቷል፤ እዚህም ልዩነቱ ከሐኪም ሐኪም ሰፊ ነበር።

ትልቅና ጠፍጣፋ እባጭ ሲገኝ ደግሞ አለመንካት ራሱ ችሎታ ነው። በግማሽ የተቆረጠ ወይም በናሙና የተቦጫጨቀ ቦታ ጠባሳ ይሠራል፤ ቀጥሎ የሚያወጣው ሰው ከሥሩ ፈሳሽ ወግቶ ሊያነሳው ሲሞክር አይነሳለትም። መደረግ ያለበት ፎቶ ማንሳት፣ መጠኑንና ቅርጹን መጻፍ፣ ከእባጩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ወደ ፊንጢጣ በኩል በቀለም ምልክት ማድረግና ልምዱ ወዳለው ሐኪም መላክ ነው። ቀለሙን ከእባጩ ሥር መውጋት እንደዚያው ጠባሳ ያመጣል። በሎግቡክ ላይ “ላከ” የሚል ዓምድ ስለሌለ ይህን በትክክል የሠራ ሠልጣኝ ምንም አልሠራም ማለት ነው!

አሁን ወደ ስክሪኑ እንምጣ። ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ኢንዶስኮፒ የአንድ ሰው ዓይን ሥራ ነበር። ጀርመናዊው አዶልፍ ኩስማውል እ.ኤ.አ. በ1868 ቀጥ ያለ ቱቦ የሞከረው ሰይፍ በሚውጥ ትርዒተኛ ላይ ነው። ባዚል ሂርሾዊትዝ በ1957 የሚተጣጠፈውን የመስታወት ክር ቱቦ ሲያስተዋውቅም ሐኪሙ የሚያየው በዓይን መሰኪያው አጎንብሶ ነበር። በዚያ ዘመን አሠልጣኙ ሠልጣኙ የሚያየውን አያይም፤ ወይ ተራ ይገባሉ፣ ወይ በጎን የሚገጠም ሁለተኛ መሰኪያ ይጠቀማሉ። በ1983 የቪዲዮ ኢንዶስኮፕ ሲመጣ ነው ሁለቱ አንድ ምስል ማየት የጀመሩት። ለዚህ ሙያ ትምህርት ከዚያ የበለጠ ለውጥ የመጣ አይመስለንም። “እዚያ ጥግ ያለውን አየኸው?” ማለት የተቻለው ያኔ ነው።

አሁን ያንን ጥያቄ ማሽኑ መጠየቅ ጀምሯል፤ ያውም ከመልሱ ጋር። ጥቅሙ እውነት ነው። አንድን ሰው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ በመመርመር የተሠሩ የቆዩ ጥናቶች በመጀመሪያው ምርመራ ከእባጮች 22 በመቶው እንደሚያመልጡ አሳይተዋል፤ ትልልቆቹ እምብዛም አያመልጡም፣ ጥቃቅኖቹ ግን በብዛት ያመልጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ተመሳሳይ ሙከራ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየታገዘ የተሠራው ምርመራ ያመለጠው 15.5 በመቶ ሲሆን፣ ያለ እርሱ የተሠራው 32.4 በመቶ ነበር። ለታካሚው ይህ መልካም ዜና ነው።

ለሐኪሙ ዓይን ግን ሌላ ዜና አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ የፖላንድ ጥናት በአራት የምርመራ ማዕከሎች የሚሠሩ 19 ልምድ ያላቸው ሐኪሞችን ተመለከተ። ማሽኑ ከመግባቱ በፊት የነበራቸው የአዴኖማ ግኝት ምጣኔ 28.4 በመቶ ነበር። ማሽኑ ከገባ በኋላ፣ ማሽኑ ጠፍቶ በሠሯቸው ምርመራዎች፣ ምጣኔው ወደ 22.4 በመቶ ወረደ። ጥናቱ በፊትና በኋላን የሚያነጻጽር እንጂ በዕጣ የተመደበ ሙከራ አይደለም፤ የታካሚዎቹ ዓይነትና የሥራው ብዛት በመካከል ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ “ማሽኑ ሐኪሞችን አደነዘዘ” ብሎ መፍረድ ችኮላ ነው። ሆኖም እነዚህ ሰዎች እያንዳንዳቸው ከ2,000 በላይ ኮሎኖስኮፒ የሠሩ ነበሩ። የበሰለ ዓይን በወራት ውስጥ ይህን ያህል ከላላ፣ ገና ያልተሠራው የሠልጣኝ ዓይን ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የነባሩ አደጋ የነበረውን ማጣት ነው፤ የጀማሪው አደጋ ጨርሶ አለማግኘት ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ማሽኑ አጥር የሚሠራው በስክሪኑ ላይ ላለው ነገር ነው። ያልተገለጠ እጥፋት፣ ያልታጠበ ሰገራ፣ ያልተነፋ አንጀት ለማሽኑም ስውር ነው። ግድግዳውን መግለጥ የእጅ ሥራ ሆኖ ይቀራል። ሠልጣኙ አጥሩ እስኪበራ እየጠበቀ ቱቦውን በፍጥነት የሚያወጣ ከሆነ፣ እጁ ያልገለጠውን ማሽኑም አያሳየውም።

የላይኛው ክፍል ምርመራ በዚህ ረገድ ተረስቷል። ጋስትሮስኮፒ ቀላል ነው ይባልና ጀማሪው ቀድሞ ይለቀቅበታል። ነገር ግን በርካታ ጥናቶችን የደመረ ትንታኔ እንዳሳየው፣ ከተገኙት የላይኛው ክፍል ካንሰሮች 11 በመቶ ያህሉ ከመገኘታቸው በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት በተደረገ ኢንዶስኮፒ ሳይታዩ ያለፉ ነበሩ። የሚደበቁባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የጨጓራው አካል የኋላ ግድግዳ፣ አጭሩ የጨጓራ ኩርባና እጥፋቱ፣ ቱቦው ዞሮ ወደ ራሱ ካልተመለከተ በቀር የማይታየው የጨጓራ መግቢያ። አረፋውን በሲሜቲኮን አጥቦ፣ ጨጓራውን ነፍቶ፣ ቢያንስ ሰባት ደቂቃ ወስዶ እያንዳንዱን ጣቢያ ፎቶ እያነሱ መዞር የሚያስተምር ማዕከል ካለ፣ ሠልጣኙ ዕድለኛ ነው።

ሌሊት ደም የሚያስመልስ ታካሚ ሲመጣ ደግሞ ፈተናው እጅም ዓይንም ሳይሆን ፍርድ ነው። ጀማሪ ሐኪም ቱቦውን ይዞ መሮጥ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሙከራ 516 በጣም የታመሙ ደም የሚፈሳቸው ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ቡድን በስድስት ሰዓት ውስጥ፣ ሌላውን ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መረመረ። በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት ከፈጠኑት 8.9 በመቶ፣ ከቆዩት 6.6 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ የሚያስተማምን አይደለም፤ መፍጠን ግን እንዳልጠቀመ ግልጽ ነው። ለአብዛኛው ታካሚ ቀድሞ የሚያስፈልገው ሰፋ ያለ የደም ሥር መስመር፣ ፈሳሽና የተለካ ደም ነው። ሄሞግሎቢኑ በዴሲሊትር ከ7 ግራም በታች ሲወርድ ደም መስጠት ከዚያ አስቀድሞ ከመስጠት ይልቅ ሕይወት እንዳተረፈ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሙከራ አሳይቷል፤ የልብ ሕመም ያለበት ወይም ደሙ እየጎረፈ ያለ ሰው ለብቻው ይታያል። የጉበት ጠባሳ ላለበት ሰው ደግሞ ትርፍ ደም በምግብ ቧንቧው ውስጥ ያበጡትን የደም ሥሮች ግፊት ይጨምራል። ለእንዲህ ያለው ታካሚ ግፊቱን የሚቀንሰው መድኃኒትና ፀረ ባክቴሪያው ቱቦው ከመግባቱ በፊት መጀመር አለባቸው።

ቱቦው ከገባ በኋላ ደሙ የሚፈስበት ቁስለት፣ የሚደማ ቁስለትን በደረጃ በሚከፍለው በፎረስት ምደባ ይነበባል። ደም የሚረጭ፣ የሚያዣ፣ ወይም የተጋለጠ የደም ሥር የሚታይበት ቁስለት ይታከማል፤ መሠረቱ ንጹሕ የሆነ አይነካም። አድሬናሊን በአንድ ለአሥር ሺህ ተበጥብጦ መውጋት ደሙን ለጊዜው ያቆማል፣ ቦታውንም ያጠራል። በዚያ ረክቶ መውጣት ግን ስህተት ነው፤ መርፌው ሲደክም ደሙ ይመለሳል። በላዩ ላይ ክሊፕ ወይም ሙቀት መጨመር አለበት። “ቆመ” የሚለው ቃል ሠልጣኙን የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው።

ብዛት በእርግጥ የሚወስንበት ቦታ ቢኖር ኢአርሲፒ ነው። በዚህ ሥራ ወደ ጎን የሚያይ ቱቦ እስከ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ይገባና፣ የሐሞትና የቆሽት ቱቦዎች የሚከፈቱበት ጠባብ በር በቀጭን ሽቦ ይፈለጋል። ሽቦው ደጋግሞ ወደ ቆሽት ከገባ ቆሽት ሊቆጣ ይችላል፤ ይህም አንዳንዴ ገዳይ ነው። የአውሮፓው የኢንዶስኮፒ ማኅበር አስቸጋሪ የሚለውን በር በ“አምስት፣ አምስት፣ አንድ” ይገልጸዋል። በሩን ከአምስት ጊዜ በላይ መንካት፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ መሞከር፣ ሳይፈለግ ከአንድ ጊዜ በላይ ቆሽት ውስጥ መግባት። ይህ መስመር ለሠልጣኝ ቱቦውን ለአሠልጣኙ የሚያስረክብበት ደወል ሊሆን ይገባል። ከፍተኛ ሥጋት ላለባቸው ታካሚዎች በፊንጢጣ የሚሰጥ 100 ሚሊ ግራም ኢንዶሜታሲን የቆሽት መቆጣትን ከ16.9 ወደ 9.2 በመቶ እንዳወረደ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሙከራ አሳይቷል። ርካሽና ቀላል በመሆኑ ሳይሆን አይቀርም፣ ዛሬም ይረሳል።

የኢአርሲፒ ትምህርት ፈተናው ቀላሎቹ ታካሚዎች መጥፋታቸው ነው። ቀድሞ ለማየት ብቻ የሚሠራው ምርመራ ዛሬ በኤምአርአይ ተተክቷል። የቀሩት ሁሉ ድንጋይ የሚወጣላቸው፣ ቱቦ የሚተከልላቸው፣ የጠበበ የሚሰፋላቸው ናቸው። ሠልጣኙ የሚለማመድበት ቀላል በር የለም። በመመሪያ የሚጠቀሰው 200 ያህል ነው፤ ግቡም ከዚህ በፊት ያልተነካ በርን ከአሥሩ በዘጠኙ መክፈት ነው። አንድ ማዕከል በዓመት ያለውን ጥቂት መቶ ሥራ ለአራትና ለአምስት ሠልጣኞች እኩል ሲያካፍል ፍትሐዊ ይመስላል። ውጤቱ ግን ማንም ያልጨረሰው ትምህርት ነው። አንዱን ወይም ሁለቱን መርጦ በሙሉ ማሠልጠን፣ ሌሎቹን መቼ መላክ እንዳለባቸው ማስተማር ይሻላል። ቅር የሚለው ይኖራል፤ ቢሆንም ይሻላል።

ስለ ማስመሰያ መሣሪያዎች ብዙ መባል የለበትም። በሰው ላይ ከመጀመር በፊት ጎማዎቹን ለመላመድ ይጠቅማሉ፤ ጥቅማቸው ግን በመጀመሪያዎቹ መቶ ገደማ ምርመራዎች ውስጥ ተሟጦ ያልቃል። ከእነርሱ ይልቅ የሚያዋጣው የአሠልጣኙ አንደበት ነው። “ወደ ግራ!” ሲባል የስክሪኑ ግራ ነው፣ የጎማው ነው ወይስ የእጅ ጥምዝ? ከመጀመር በፊት በቃላቱ ካልተስማሙ ሠልጣኙ በተጨናነቀበት ሰዓት ሦስቱንም ይሞክራል። ጎበዝ አሠልጣኝ ለአንድ ቀን አንድ ግብ ይይዛል፣ ቱቦውን የሚቀበልበትን ሰዓት አስቀድሞ ይናገራል፣ ሲቀበልም የሚያደርገውን በቃል እየገለጸ ያደርጋል። ብዙ የሠራ ሐኪም እጁ የሚያውቀውን አፉ አያውቀውም፤ ማሠልጠንን ራሱን እንደ ችሎታ መማር ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ሰውነትም ይማራል፣ በደህናም በክፉም። አልጋው ከወለሉ ከ85 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር፣ ስክሪኑ በቀጥታ ፊት ለፊትና ከዓይን ትንሽ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። በጎን ያለ ስክሪን እያዩ ዓመታት መሥራት አንገትን፣ ትልቁን ጎማ በአውራ ጣት ብቻ መግፋት የጣቱን ሥር ይጎዳል። መቆጣጠሪያው ለትልቅ እጅ የተሠራ በመሆኑ ትንሽ እጅ ያላት ሠልጣኝ ጎማውን በቀኝ እጇ ለማዞር ቱቦውን ትለቃለች። ያን ጊዜ አሠልጣኙ “ቱቦውን አትልቀቂ” ማለቱ አይበቃም፤ አያያዙን ለእጇ እንዲስማማ ማስተካከል አለበት።

ስለዚህ የአንድን ሐኪም የሥልጠና ታሪክ የሚመዝን ሰው፣ ቀጣሪም ይሁን የሥልጠና ኃላፊ፣ ከብዛቱ ቀጥሎ የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ። ያለ እርዳታ ሴከም የደረሰው ከመቶ ስንቱን ነው? በፎቶ ተረጋግጧል? የአዴኖማ ግኝት ምጣኔው ስንት ነው፣ ከስንት ምርመራ ተሰላ? ከሃምሳ ምርመራ የተሰላ ምጣኔ የዕድል ጨዋታ ነው። ስንት ጊዜ በሌላ ሐኪም ፊት በነጥብ ቅጽ ተመዘነ፣ ነጥቡስ በጊዜ ሂደት ወዴት ሄደ? አንጀት የተበሳበትና ደም የፈሰሰባቸው ታካሚዎች ተመዝግበዋል? ምንም ጉዳት የሌለበት ረጅም ዝርዝር ከታየ ብዙውን ጊዜ የሚነግረን የእጅን ጥራት ሳይሆን የምዝገባውን ክፍተት ነው።

ማሽኑ ባለበት ክፍል ለሚሠለጥን ሰው ደግሞ ዓምዱ ሁለት መሆን አለበት፤ ማሽኑ በርቶ ያገኘውና ጠፍቶ ያገኘው ለየብቻ። በተወሰኑ ቀናት ማሽኑን አጥፍቶ መሥራት ወጪ የለውም። ከዚያም የሚቀልለው፣ ሠልጣኙ አንድን የአንጀት ክፍል መጀመሪያ በራሱ ዓይን አይቶ ያገኘውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ማድረግ፣ ቀጥሎ ማሽኑን አብርቶ ያንኑ ክፍል እንደገና ማየት ነው። ሁለተኛው ዙር ለአንድ ክፍል ሁለትና ሦስት ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ አጥሩ ሠልጣኙ ያልጠራው ቦታ ላይ ሲበራ አሠልጣኙ ምስሉን ያቆምና ለምን እንዳመለጠው አብረው ያያሉ።